ጩኸቱ ለማን ነው? የወንጀል ፊልምና ተመልካቹ

የፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ የጎንደር ልጅ ነው፤ የተወለደው በ1938 ዓ.ም. ነው። አባቱ ገሪማ ታፈረ ስለ ጎንደር አርበኞች ተጋድሎ የሚተርከውን «ጎንደሬ በጋሻው»ን የጻፉ፣ ቴአትርም የሚያዘጋጁ ሰው ነበሩ። ኃይሌ ስለ ልጅነቱ በሰጠው ቃለ ምልልስ ለማንኛውም ፊልም ተመልካች ትምህርት የሚሆን ነገር ተናግሯል። የታርዛን ፊልም ሲያዩ፣ በፊልሙ ውስጥ ያሉት ጥቁር አፍሪካውያን አድብተው ታርዛንን ከኋላው ሊያጠቁት ሲጠጉ፣ እሱና ጓደኞቹ ታርዛን እንዲጠነቀቅ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ይጮኹለት ነበር። በከተማዋ ዙሪያ ባሉት ተራሮች ላይ ካውቦይና ሕንድ እየሆኑም ይጫወቱ ነበር። ልባቸው ከካውቦዮቹ ጋር ነው፤ ሕንዶቹ እንዲያሸንፉ የሚመኝ አልነበረም።

ነገሩን ረጋ ብለን እንየው። ጎንደር በምሥራቅ አፍሪካ የጣሊያን ጦር የመጨረሻው ምሽግ ነበረች፤ እጁን የሰጠው በኅዳር 1934 ዓ.ም. ነው። ኃይሌ የተወለደው ከዚያ አራት ዓመት አልፎ ነው። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ወራሪን ስላስወጡ አርበኞች እየሰሙ ያደጉ ናቸው፤ አንዳንዶቹም የአርበኛ ልጆች ናቸው። ጣሊያን በፒያሳ ዙሪያ ፖስታ ቤቱን ጨምሮ ትቷቸው ከሄዳቸው ሕንፃዎች መካከል ሲኒማ ቤትም ነበረበት። ቤታቸው ሲገቡ የሚሰሙት ታሪክ ሌላ፣ አዳራሽ ውስጥ የሚጮኹለት ሰው ሌላ። በደማቸውም በታሪካቸውም የሚቀርቧቸው ሰዎች ሸራው ላይ ጠላት ሆነው ሲመጡ፣ ለመጤው ሰው ነፍስ ተጨነቁ።

«ልጆች ስለሆኑ ነው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ግን ልጅነት አይደለም። ሽማግሌም ዳኛም ቄስም አዳራሹ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ፊልሙ በደንብ ከተሠራ፣ በዚያች ቅጽበት ከንፈሩን መንከሱ አይቀርም። ተመልካች ፊልም ላይ የሚጮኸው ትክክል ለሆነው ሰው አይደለም፤ ፊልሙ አጠገቡ ላስቀመጠው ሰው ነው። የወንጀል ፊልም፣ በተለይ ጨለም ያለው፣ ነፍስ የሚጠፋበት፣ ማን ጥፋተኛ እንደሆነ እስከ መጨረሻው የማይለይበት ዓይነት፣ ሙሉ ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚህ ነው። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም ይኸው ነው፦ ሐዘኔታ ከፍርድ ቀድሞ እንዴት ይደርሳል? የጎንደርና የአካባቢዋ ተመልካችስ ከቤቱ ምን ይዞ ወደ አዳራሹ ይገባል?

መጀመሪያ ስለ ሥራው። ፊልም ሠሪ ተመልካቹን ከአንድ ሰው ጋር ለማስተሳሰር ሰውዬውን ደግ ማድረግ አያስፈልገውም። ያንን ሰው ከሌሎቹ አስቀድሞ ቢያሳየን፣ ከሌሎቹ የበለጠ ጊዜ ቢሰጠው፣ እሱ የሚያውቀውን ብቻ እንድናውቅ ቢያደርግ፣ ከዚያም አንድ አስቸጋሪ ሥራ ቢሰጠው ይበቃል። ታርዛንን ያየነው በቅርብ ነው፤ ፊቱን እናውቀዋለን፣ ስም አለው፣ ይስቃል፣ ይፈራል። የሚያጠቁት ሰዎች ግን ከሩቅ የሚታዩ፣ ስም የሌላቸው፣ ለብቻቸው አንድም ጊዜ ሲነጋገሩ ያልሰማናቸው ናቸው። ካሜራው ከታርዛን ጀርባ ቆሟል። እኛ ደግሞ ካሜራው በቆመበት ቦታ ነን።

የዚህ ሥራ ጌታ የነበረው አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 በሠራው «ሳይኮ» ውስጥ እስካሁን የሚያስገርም አንድ ትዕይንት አለ። አንዲት ሴት ተገድላለች። የማደሪያ ቤቱ ጠባቂ ወጣት ደሙን ያጥባል፣ ሬሳውን መኪናዋ ውስጥ ይከታል፣ መኪናውን ወደ ረግረግ ይገፋዋል። መኪናው ቀስ በቀስ ይሰምጣል፤ ከዚያ መሀል ላይ ይቆማል። ወጣቱ ይደነግጣል። ተመልካቹም አብሮት ይደነግጣል! ከጥቂት ደቂቃ በፊት ያለቀሰላት ሴት ገዳይ እንዲያዝ መመኘት ሲገባው፣ «ስመጥ፣ ስመጥ» እያለ ትንፋሹን ይይዛል። መኪናው እንደገና ሲሰምጥ እፎይ ይላል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወጣቱ ሥራ ላይ ነው። ሥራውን ስናይ ቆይተናል፤ መጥረጊያና ባልዲ ይዞ ሲደክም አይተናል። ሰው ጀምሮት ያየውን ሥራ ሲያልቅ ማየት ይፈልጋል፣ ሥራው ርኩስ ቢሆንም።

ሂችኮክ ሌላም ነገር አስተምሯል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ሲያወሩ ቆይተው ድንገት ከሥሩ ቦምብ ቢፈነዳ፣ ተመልካቹ የሚደነግጠው ለቅጽበት ነው። ተመልካቹ ቦምቡ ሲጠመድ ካየና ሰዎቹ ካላወቁ ግን ተራ ወሬያቸው ራሱ የማይቻል ጭንቀት ይሆናል። በእኛም አዳራሽ «ኧረ ተነሥ!»፣ «ከኋላህ!» የሚለው ድምፅ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ፊልም ላይ የሚያወራን ሰው አላዋቂ አድርጎ የመቁጠር ልማድ አለ፤ እኔ አልስማማም። የሚጮኸው ሰው ሸራው እንደማይሰማው ጠንቅቆ ያውቃል። የያዘውን ምሥጢር ብቻውን መሸከም ስላቃተው ነው የሚጮኸው፤ ፊልሙም እንዲያቅተው አስቦ የሰጠው ሸክም ነው።

ከዚህ ሁሉ ከባዱን የሠራው ፍሪትዝ ላንግ ነው ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ1931 በጀርመን የሠራው «ኤም» ሕፃናትን ስለሚገድል ሰው ነው። ከዚህ የከፋ ወንጀለኛ ማሰብ ይከብዳል። ፖሊስ ከተማዋን ሲያስስ የሌቦቹና የቀማኞቹ ገበያ ተበላሸ፤ ስለዚህ እነሱ ራሳቸው ገዳዩን አድነው ያዙትና በራሳቸው ችሎት አቆሙት። እዚያ ላይ ገዳዩ እየተንቀጠቀጠ፣ ውስጡ ያለው ነገር እንደሚያሳድደው፣ እንቢ ማለት እንደማይችል ይናገራል። ተመልካቹ ይቅር አይለውም። ይሁን እንጂ «ይሙት» እያለ ከሚጮኸው የሌቦች ጉባኤ ጋር መቀመጡም ያሳፍረዋል። ሁለቱም ወንበር አይመችም። ጥሩ ጨለማ ፊልም ተመልካቹን ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚያስቀምጠው።

የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች ይህን ኃይል ስለሚያውቁ ፈርተውት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ የሠራው፣ እስከ 1968 የዘለቀው የሆሊውድ ደንብ የተመልካች ሐዘኔታ ወደ ወንጀለኛው እንዳይሄድ ይከለክል ነበር። ወንጀለኛው መጨረሻ ላይ መያዝ ወይም መሞት ነበረበት። ውጤቱ አስቂኝ ነው፦ ተመልካች አንድ ሰዓት ተኩል ሙሉ ከወንበዴው ጋር እየጋለበ ይደሰትና በመጨረሻዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሕግ ያሸንፋል። ሳንሱር መጨረሻውን እንጂ ወንበሩን መቆጣጠር አልቻለም።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ ልጆች ፊልም ሲተርኩ ሁለት ሰው ይበቃቸዋል፤ አክተሩና ቦሱ። አክተሩ አይሞትም፤ ቦሱ መጨረሻ ላይ ይሞታል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ያደገ ትውልድ ሁሉ ይህን ሕግ ያውቀዋል። ይህን የልጆች ሕግ በአዋቂዎች ፊት ያፈረሰው በ2000ዎቹ አጋማሽ በኢቴቪ የታየው ተከታታይ ድራማ «ሰው ለሰው» ነበር። አበበ ባልቻ የተጫወተው አስናቀ ክፉ ነው፤ ያሴራል፣ ያጠፋል፣ ለሰው ነፍስ አይራራም። አገሩ ሁሉ ይረግመው ነበር። ግን ድራማው ሊጀምር ሲል ሰው ቴሌቪዥን ያለበት ቤት የሚሰበሰበው አስናቀን ለማየት ነበር። ማግስቱን በታክሲም በመሥሪያ ቤትም የሚወራው እሱ ምን እንዳለ፣ ቀጥሎ ምን ሊያሴር እንደሆነ ነው። ደጋጎቹን ማን ያስታውሳል?

እዚህ ላይ ማስተዋል ያለብን፣ ተመልካቹ አስናቀን እየጠላ ሳለ ከአስናቀ ጋር መቀመጡን ነው። ዕቅዱን የምናውቀው እኛና እሱ ብቻ ነበርን። ምሥጢር መጋራት ደግሞ ከመውደድ የጠነከረ ማሰሪያ ነው፤ የማንወደውን ሰው ምሥጢር ብናውቅ ከእሱ መላቀቅ አንችልም። አብሮም ሌላ ነገር አለ፦ ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚያደርገውን ያውቃል፣ ይወስናል፣ ይንቀሳቀሳል። ደጎቹ ብዙ ጊዜ የሚደርስባቸውን የሚቀበሉ ናቸው። ዓይን የሚከተለው የሚንቀሳቀሰውን ነው። የደራሲዎቻችን ድክመት ደግ ሰው መጻፍ አለመቻል ነው እላለሁ፤ ደጉን ሥራ አይሰጡትም፣ ለቅሶ ብቻ ይሰጡታል። ሥራ የሌለው ደግ፣ ሥራ ባለው ክፉ ይሸነፋል፤ ሴራው ውስጥ ባይሸነፍ እንኳ በተመልካቹ ልብ ውስጥ ይሸነፋል።

እስካሁን ያልነው ፊልሙ በተመልካቹ ላይ ስለሚሠራው ነው። ተመልካቹ ግን ባዶ እጁን አይገባም። ከደባርቅ፣ ከዳባት፣ ከጃናሞራ፣ ከወገራ ወርዶ ጎንደር ከተማ ፊልም የሚያይ ሰው ስለ ወንጀል፣ ስለ ደም፣ ስለ ገዳይ የራሱ የዳበረ ሐሳብ አለው፤ ያም ሐሳብ አንድ ወጥ አይደለም። በአንድ በኩል ፉከራው አለ። ሠርግ ላይ ሲሸለል «ገዳይ» ማለት ውዳሴ ነው። ሽፍታም ወንበዴ ብቻ አይደለም። ቋራ ላይ ሸፍቶ በረሃ ያደረ ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በስሜን ደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል። በዚህ ምድር ሽፍታ ማለት ገና ያልነገሠ ሰው ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፊልም ላይ ከሕግ ሸሽቶ ጫካ የገባ ሰው ሲታይ የደጋው ተመልካች ፖሊሱ እስኪደርስ አይጠብቅም፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን በድለውት ነው?» ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ደም ፈጽሞ የማይረሳ ዕዳ ነው። ነፍስ ያጠፋ ሰው ከአገሩ ይወጣል፤ የሟች ወገን ደመኛው ነው። ነገሩ የሚቆመው ሽማግሌዎች ተመላልሰው፣ ካህናት መስቀል ይዘው ገብተው፣ ካሳ ተቆርጦ፣ መሐላ ተፈጽሞ ደሙ ሲደርቅ ነው። ፍርድ ቤት የፈረደበት፣ እስሩን ጨርሶ የወጣ ገዳይ እንኳ ዕርቅ ካልወረደ እንደ ታረቀ አይቆጠርም። ይህ በፊልም አቀባበል ላይ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የምዕራቡ የወንጀል ፊልም የሚያልቀው ካቴናው ሲጠልቅ ወይም ጥይቱ ሲጮኽ ነው። ከደጋው ለመጣ ሽማግሌ ግን ታሪኩ ገና አላለቀም፦ «የሟቹ ወንድሞችስ? ማን አስታረቃቸው?» ብሎ ቢጠይቅ ፊልሙ ስላልገባው አይደለም። ፊልሙ ያልመለሰውን ትክክለኛ ጥያቄ መጠየቁ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ረጃጅም የኢትዮጵያ ፊልሞች አንዱ የሆነው፣ ሚሼል ፓፓታኪስ በ1966 ዓ.ም. የሠራው «ጉማ» ርዕሱን የወሰደው በኦሮሞ ባህል ከሚፈጸመው የደም ካሳና ዕርቅ ሥርዓት ነው። ሲኒማችን ገና ዳዴ ሲል የመረጠው የወንጀል ታሪክ የመርማሪና የሌባ ሳይሆን የደምና የካሳ ታሪክ መሆኑ በአጋጣሚ አይመስለኝም።

መርማሪው ራሱ ለእኛ አዲስ ሰው ነው። በድሮው ሥርዓት ሌባው ወይም ገዳዩ ሳይታወቅ ሲቀር አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ በሌላ አካባቢ አፈርሳታ የሚባለው ነው። የአካባቢው ሰው ሁሉ አንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ወደ ቤቱ የሚሄድ የለም። ሁሉም ተጠርጣሪ ነው፤ ሁሉም መርማሪ ነው። ያልተገኘ ይቀጣል። ጥፋተኛው ካልወጣ ዕዳው በአካባቢው ሰው ሁሉ ላይ ሊወድቅ ይችላል። በዚህ መንገድ እውነት የሚወጣው በአንድ ብልህ ሰው አእምሮ ሳይሆን በብዙ ሰው ጭንቀትና ሹክሹክታ ነው። እንግዲህ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ተሰብስቦ «እሱ ነው»፣ «የለም፣ ወንድሙ ነው»፣ «ሚስቱን ተዋት፣ እሷ ምንም አታውቅም» የሚለው የእኛ ተመልካች አውጫጭኝ ላይ እንደ ተቀመጠ ነው። አጠገቡ ካለው ሰው ጋር ማውራቱ ሥነ ሥርዓት ማጣት ሳይሆን ወንጀልን የሚመረምርበት የለመደው መንገድ ነው። ዝም ብላችሁ እዩ የሚለው የሲኒማ ቤት ደንብ ከሌላ አገር የመጣ ደንብ ነው፤ ጥሩ ደንብ መሆኑን አልክድም፣ በተለይ የፊልሙን ድምፅ መስማት ለሚፈልግ።

እንዲሁም ቁራኛ ነበር፦ ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ወይም በሰንሰለት ታስረው አብረው ወደ ዳኛ የሚሄዱበት ልማድ። የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» የተሰኘው ፊልም የተገነባው በዚህ ላይ ነው። ለወንጀል ድራማ ከዚህ የተሻለ መነሻ አላውቅም። ሁለት ጠላቶች አብረው ይበላሉ፣ አብረው ይተኛሉ፣ አንዱ ካላረፈ ሌላው አያርፍም። ተመልካቹም አንዱን መርጦ ሌላውን መተው አይችልም፤ ካሜራው ሁለቱን በአንድ ሰንሰለት ይዟቸው ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በአገራችን የወንጀል ፊልምና የተመልካች ስሜት ፊት ለፊት የተገናኙበት ትልቁ አጋጣሚ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ «ድፍረት» ነው። ታሪኩ በ1980ዎቹ መጨረሻ አርሲ ውስጥ ከተፈጸመ እውነተኛ ጉዳይ የተወሰደ ነው። የዐሥራ አራት ዓመት ተማሪ የሆነችው ሂሩት ከትምህርት ቤት ወደ ቤቷ ስትሄድ ፈረሰኞች ይጠልፏታል፤ ጠላፊው ይደፍራታል፤ ጠመንጃ ይዛ ታመልጣለች፤ ሲደርስባት ትተኩሳለች፣ ይሞታል። ከዚያ በኋላ ያለው የክስና የመከላከያ ታሪክ ነው። በፊልሙ ውስጥ ጠበቃዋ መዓዛ አሸናፊ ናቸው፤ በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ይመሩ የነበሩ፣ በኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑ ሴት ናቸው። እሳቸውን ሜሮን ጌትነት፣ ሂሩትን ትዝታ ሀገሬ ተጫውተዋቸዋል።

የፊልሙን አቀማመጥ ልብ በሉ። ገዳይዋን ያየናት ከመግደሏ በፊት ነው፤ ተማሪ ሆና፣ ልጅ ሆና። ጥይቱ ሲተኮስ ከእሷ ጋር እየሮጥን ነበር። ታሪኩ ከሬሳው ቢጀምርስ? አንድ ወጣት መስክ ላይ ወድቋል፣ እናት ታለቅሳለች፣ ጠመንጃ የያዘች ልጅ ተይዛለች። ሁኔታው ያው ነው፤ ወንበራችን ግን ሌላ ነው። ቀበሌው፣ ፖሊሱ፣ የሟች ወገን ታሪኩን ያዩት ከዚህ ከሁለተኛው ወንበር ነበር። የጠበቃዋ ሥራ ከሞላ ጎደል የዳይሬክተሩ ሥራ ነው፦ ዳኛው ታሪኩን ከሬሳው ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ መንገድ እንዲጀምር ማድረግ።

ሕጉም የራሱ ወንበር ነበረው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢበዛ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ብቻ ይቀጣ ነበር፤ የተጠለፈችው ሴት ጠላፊዋን በሕግ ካገባችው ደግሞ ክሱ ይቀር ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ቅጣቱን ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት አደረገው፤ ጋብቻውም ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። የልጅቷ ጉዳይ የታየው በአሮጌው ሕግ ዘመን ነው። የተከላከለችው ሕይወቷን ነው ተብሎ በነጻ ተሰናበተች።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ሰንዳንስና በጀርመን በርሊን ታየ፤ በሁለቱም ቦታ የተመልካቾች ሽልማት አገኘ። ያን ሽልማት የሚሰጠው ዳኛ አይደለም፤ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ነው። ተዋናይቷ አንጀሊና ጆሊ ከዋና አዘጋጆቹ አንዷ ሆና ስሟን ሰጠች። ከዚያ ነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊታይ እንግዶች ተጠርተው በተቀመጡበት ሰዓት የፍርድ ቤት ዕግድ ደረሰና ቆመ። ታሪኩ የተወሰደባት ሴት ፈቃዴ አልተጠየቀም ብላ ነበር። ዕግዱ በኋላ ተነሥቶ ፊልሙ አገር ውስጥ ታይቷል።

ይህን ነገር ብዙ ሰው እንደ ውዝግብ ወሬ አወራው። እኔ ግን ስለ ተመልካች ስሜት ሊያስተምረን የሚችለው ሌላ ነገር ይታየኛል። በርሊን ያለ ተመልካች ለሂሩት አለቀሰ፣ አጨበጨበ፣ ድምፁን ሰጠ፣ እፎይ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ። አርስቶትል ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አሳዛኝ ቴአትር ፍርሃትንና ሐዘኔታን ቀስቅሶ ያጠራል ያለው ይህን መሰል እፎይታ ነው። የታሪኩ ባለቤት ግን አዳራሹ ሲበራ ወደ ቤቷ የምትሄድ ተመልካች አይደለችም። ፍርድ ቤት ነጻ ቢላትም የቀየው ሰው እንደ ቀድሞው አልተቀበላትም። ለእሷ ታሪኩ ገና የሚኖር ነገር ነው፤ ስሟ በየቦታው በተነሣ ቁጥር የሟች ወገንም ይሰማል። ደም ዕርቅ ካልወረደበት አይደርቅም ያልነውን አስታውሱ። ለሩቅ ተመልካች ያለቀ ታሪክ ለቅርቡ ሰው ያላለቀ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ፊልሙ ጥሩ ነው፣ ዕግዱም አለምክንያት አልነበረም ማለት እርስ በርሱ አይጋጭም።

ይህ ቅርበትና ርቀት ጎንደር ውስጥ በጣም ይሰማል። ወደ ኃይሌ ገሪማ ተመልሰን «ጤዛ» የተባለውን ፊልሙን ብናይ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት አግኝቷል፤ በማግስቱ ዓመት በፌስፓኮ ታላቁን የየኔንጋ ፈረስ ወስዷል። ጀርመን የተማረው ሐኪም አንበርብር አንድ እግሩን አጥቶ በጣና ዳርቻ ወዳለው የእናቱ መንደር ይመለሳል። ጓደኛው ተስፋዬ በደርግ ዘመን በመሥሪያ ቤቱ በአብዮተኞች እጅ ይገደላል። ይህ ግድያ የወንጀል ፊልም ሊሆን ይችል ነበር፤ ማን ገደለ፣ ማን አዘዘ፣ ማን ይቀጣ። ኃይሌ ግን ታሪኩን ሰባብሮ ነው ያቀረበው፤ አንዱ ዘመን በሌላው ውስጥ ይገባል፣ ሕልም ከትዝታ ይደባለቃል። ተመልካቹ «ከኋላህ!» ብሎ ሊጮኽ አይችልም፤ ቦምቡ የቱ ጠረጴዛ ሥር እንዳለ አያውቅማ። ለታርዛን ይጮኽ የነበረው ልጅ አድጎ የሠራው ፊልም ተመልካቹን ለማንም እንዳይጮኽ አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብዙ ሰው «ጤዛ»ን ከባድ ነው፣ አይያዝም ይላል። ከባድ ነው። ግን ይህ ጉድለት ሳይሆን ውሳኔ ነው።

በጎንደር ደግሞ ፊልሙ ሌላ ክብደት አለው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር የጎንደር ወጣት በብዛት አልቋል፤ በዚያ ጊዜ በጎንደር የደርግ ሹም የነበረው የሻለቃ መላኩ ተፈራ ስም በዕድሜ በገፉ የከተማዋ ሰዎች ዘንድ እስካሁን የሚያስደነግጥ ነው። ልጇን በዚያ ዘመን ያጣች እናት፣ ወንድሙን ያጣ አዛውንት ሸራው ላይ ሰው ከቢሮ ሲወሰድ ቢያዩ የሚሰጡት ምላሽ ከሃያ ዓመቱ ልጅ ጋር አንድ አይሆንም። ወጣቱ ቀጥሎ ምን ይሆናል ብሎ ይጠብቃል፤ አዛውንቱ ቀጥሎ የሚሆነውን ያውቃል። ለወጣቱ ጥርጣሬ የሆነው ለአዛውንቱ ትዝታ ነው።

የዛሬው ወጣትም ቢሆን የራሱ ቁስል አለው። በነዚህ ዓመታት በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ ተስፋፍቷል፤ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ጎንደር ውስጥ ታግታ የተገደለች ሕፃን ጉዳይ ብዙ ነዋሪ አደባባይ አስወጥቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ እገታ የተሠራ ፊልም ለአንዳንዱ መዝናኛ፣ ለሌላው ማምለጫ፣ ለሦስተኛው ሊቀመጥበት የማይችል ነገር ነው። ከአዳራሽ ተነሥቶ የወጣ ሰው ፊልሙን አልወደደውም ብሎ መደምደም ልክ አይደለም፤ ከሁሉ በላይ የገባው እሱ ሊሆን ይችላል። ፊልም የሚያሳይ ሰው ስለ ይዘቱ አስቀድሞ ሁለት ዐረፍተ ነገር ቢናገር የሚያጣው ነገር የለም። በፊልም የሚያስተምር መምህርም ተማሪዎቹን «ለምን አላለቀስክም?» ወይም «ለምን ሳቅህ?» ብሎ ባይጠይቃቸው መልካም ነው፤ በአሰቃቂ ትዕይንት ላይ የሚሰማ ሳቅ ብዙ ጊዜ የጭንቀት ሳቅ ነው።

ይልቅ የሚጠቅመው ጥያቄ ስለ ወንበሩ መጠየቅ ነው። አንድ ጨለማ ፊልም ካያችሁ በኋላ ያው ታሪክ ከሌላ ሰው ቢጀመር ምን ይመስል እንደነበር በቃል ተራረኩት፤ ከፖሊሱ፣ ከገዳዩ ሚስት፣ ከሟቹ ወንድም። የትኛው ሰው ስም እንዳልተሰጠው፣ የትኛው ብቻውን ሆኖ አንድም ጊዜ እንዳልታየ ወዲያው ይገለጣል። «ድፍረት» ላይ ይህን ብትሞክሩ የሟቹ ወገን ምን ያህል ጠባብ ቦታ እንደተሰጠው ታያላችሁ። ይህ የዳይሬክተሩ ምርጫ ነው፤ ሊወቀስበትም ይችላል። እኔ በበኩሌ አልወቅሰውም። ጠላፊው ካገባት ክሱ ይቅር ሲል የኖረው ሕግ ለግማሽ ምዕት ዓመት ያህል ታሪኩን ከጠላፊው ወንበር ሲተርክ ቆይቷል፤ አንድ ፊልም ለመቶ ደቂቃ ያህል ከልጅቷ ወንበር ቢተርከው አልበዛም።